አውሮፓ ውስጥ ዓሣ ስትገዙ ሌብሉን እንዴት ታነባላችሁ፣ የኮታ ዜና ሲመጣስ ምን ብላችሁ ትጠይቃላችሁ

ለንደንም ኑሩ ስቶክሆልም ወይ ሮም፣ ሱፐርማርኬት ገብቶ ዓሣ የሚያነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያየው ዋጋውንና ኤክስፓየር ዴቱን ነው። ከዛ በታች ግን በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ነገር አለ፣ ዛሬ ላሳያችሁ የፈለኩት እሱን ነው፣ ምክንያቱም እሱን ማንበብ የቻለ ሰው እንግሊዝ ከአውሮፓ ህብረት ስትወጣ ያን ሁሉ ጊዜ የተጨቃጨቁበት የዓሣ ኮታ፣ ማለትም በዓመት ይህን ያህል ዓሣ ብቻ አጥምዱ ተብሎ የሚፈቀደው መጠን ነገር በደንብ ይገባዋል። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።

ከዲሴምበር 2014 ጀምሮ በህብረቱ ሕግ ትኩስ፣ የቀዘቀዘ፣ የጨሰ ወይም ጨው የገባበት ዓሣ ሲሸጥ መጻፍ ያለባቸው ነገሮች አሉ፣ እንግሊዝም ከወጣች በኋላ ይሄን ሕግ ይዛው ቀጥላለች። የቆርቆሮ ቱና ግን እዚህ ውስጥ አይገባም።

መጀመሪያ ስሙን እዩ። ከንግድ ስሙ ጋር የላቲን ስም አለ፣ እሱን አትለፉት። ለምሳሌ ኮድ የሚባለው ነጭ ዓሣ ጋዱስ ሞርሁዋ ካለ የአትላንቲኩ ነው፣ ጋዱስ ማክሮሴፋለስ ካለ የፓሲፊኩ ነው፣ ሁለቱም አንድ ፍሪዘር ውስጥ ጎን ለጎን ሊሸጡ ይችላሉ። ቀጥሎ ከባሕር የተያዘ ነው፣ ከሐይቅ ወይ ከወንዝ ነው፣ ወይስ በእርባታ ያደገ የሚለውን እዩ። እኛ ቆሮሶ የምንለው፣ እነሱ ቲላፒያ የሚሉት፣ አውሮፓ ሱቅ ውስጥ ስታገኙት አብዛኛው የእርባታ ስለሆነ የባሕር ኮታ አይመለከተውም። ናይል ፐርች ከሆነ ደግሞ ቪክቶሪያ ሐይቅ ብሎ ከነአገሩ፣ ማለትም ታንዛኒያ ወይ ኡጋንዳ ወይ ኬንያ ተብሎ መጻፍ አለበት።

ከዛ ቦታው። ኤፍኤኦ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ነው፣ ባሕሩን ከፋፍሎ ቁጥር ሰጥቶታል። ኤፍኤኦ 27 ማለት ሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክ ነው፣ 37 ሜዲትራኒያንና ጥቁር ባሕር። 27 ብቻ ብሎ ዝም ካለ አይበቃም፣ ሰሜን ባሕር ይሁን ባረንትስ ባሕር ወይ የአይስላንድ ዙሪያ መለየት አለበት፣ ምክንያቱም ኮታ የሚሰጠው በዓሣው ዓይነት ብቻ ሳይሆን በባሕር ክፍልም ጭምር ነው፣ የባረንትስ ኮድና የሰሜን ባሕር ኮድ ስማቸው አንድ ቢሆንም ክምችታቸው ለየብቻ ነው የሚቆጠረው፣ አንዱ ደህና ሆኖ ሌላው ሊመናመን ይችላል።

ለኔ ዋናዋ መስመር ግን በምን እንደተያዘ የምትነግረዋ ናት። መንጠቆ፣ ወጥመድ፣ የሚተከል መረብ ወይም ትሮል ይላል። ትሮል መርከቧ ከኋላዋ የምትጎትተው ትልቅ መረብ ነው፣ ያገኘውን ሁሉ ይዞ ይወጣል። የዓሣው ብክነት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰሜን ባሕር ውስጥ ኮድ፣ ሀዶክና ዋይቲንግ አንድ አካባቢ አብረው ይገኛሉ፣ መረቡ ሲወጣና ሲፈታ ሦስቱም ተደባልቀው ዴኩ ላይ ይዘረገፋሉ። አስጋሪው የሀዶክ ኮታ አለው የኮዱን ግን ጨርሷል እንበል። በድሮው ሕግ ያንን ኮድ ይዞ ወደብ ቢገባ ይቀጣል፣ ስለዚህ መልሶ ባሕር ውስጥ ይጥለዋል። ከጥልቅ ውኃ ተስቦ የወጣ ኮድ ግን ሆዱ ውስጥ ያለው የአየር ፊኛ ተነፍቶ አንዳንዱም ፈንድቶ ነው የሚደርሰው፣ ዓይኑ ይፈጣል፣ ጨጓራው በአፉ በኩል ተገልብጦ የሚወጣም አለ፣ ውኃ ውስጥ መልሳችሁ ብትጥሉት አብዛኛው አይተርፍም፣ እላይ ይንሳፈፍና የባሕር ወፍ ይለቅመዋል። ለሰው እራት መሆን የሚችል ጤነኛ ዓሣ ነው እንዲህ የሚሆነው። እና ይሄን ያዙልኝ፣ ኮታው ይቆጥር የነበረው ወደብ የገባውን ነው እንጂ የሞተውን አይደለም።

ሌላም ምክንያት አለ። ሰሜን ባሕር ላይ ከ35 ሴንቲሜትር ያነሰ ኮድ መሸጥ ስለማይቻል እሱም ይጣል ነበር፣ ደግሞ ትንንሹን ጥሎ ኮታውን ጥሩ ዋጋ በሚያወጣው ትልቅ ዓሣ የሚሞላም ነበር። የአውሮፓ ኮሚሽን ራሱ በ2011 አካባቢ ያወጣው ግምት በህብረቱ ከሚያዘው ዓሣ 23 በመቶው ይጣላል የሚል ነበር። እንግሊዛዊው ሼፍ ሂዩ ፈርንሊ ዊቲንግስቶል ይሄን ቲቪ ላይ አውጥቶ ሰውን አነሳሳ፣ በጊዜው የህብረቱ የዓሣ ኮሚሽነር የነበሩት ግሪካዊቷ ማሪያ ዳማናኪም ገፉበት፣ በ2013 ሕጉ ተቀየረ። ኮታ ያለው ዓሣ ከተያዘ ወደብ ይግባ፣ ከኮታም ይቀነስ ተባለ፣ በ2015 እንደ ማክሬልና ሄሪንግ ባሉት ተጀምሮ በጃንዋሪ 2019 ሁሉንም አዳረሰ። ከመጠን በታች የሆነውም ይገባል ግን በቀጥታ ለሰው ምግብ አይሸጥም፣ የእንስሳት መኖ ምናምን ይሆናል።

በወረቀት ጥሩ ነው፣ ግን አንዱ ኮታ ሲያልቅ መርከቡ የሌላው ኮታ እያለው ሥራ ማቆም ሊኖርበት ነው፣ ስለዚህ ብዙ ልዩ ፈቃድ ተሰጠ፣ ባሕር ላይ ደግሞ ማን ያያል? ካሜራ ካልተገጠመ ቁጥጥሩ ባዶ ነው ብዬ ነው የማምነው። ህብረቱም በ2023 ባሻሻለው የቁጥጥር ሕግ ካሜራን ጥሰት ይፈጽማሉ ተብለው ለሚያሰጉ ትልልቅ መርከቦች ግዴታ አድርጓል።

አሁን ወደ አውሮፓ ህብረት አባልነቱ ጉዳይ። አንድ ሰው "ብራስልስ ዓሣችንን ወሰደችው" ሲላችሁ ሁለት ነገር ለያይታችሁ ጠይቁት። የጠቅላላው ኮታ መጠን በየዓመቱ ዲሴምበር ላይ የህብረቱ ሚኒስትሮች ብራስልስ ተሰብስበው የሚጨርሱት ነው፣ ሳይንሳዊ ምክሩ የሚመጣው ኮፐንሃገን ካለው አይሲኢኤስ ከሚባለው ዓለም አቀፍ የባሕር ምርምር ምክር ቤት ነው። አገር ለአገር የሚካፈሉበት ድርሻ ደግሞ በ1983 የተተከለ ነው፣ መሠረቱም በ1970ዎቹ ማን ምን ያህል ያጠምድ ነበር የሚለው ነው። ባሕሩ ሲሞቅ ዓሣው ቦታ ቀየረ፣ ድርሻው ግን እዛው ቀረ፣ ሄክ የሚባለው ዓሣ ሰሜን ባሕር ውስጥ በዝቶ ሳለ እዛ የሚያጠምዱት በቂ የሄክ ኮታ አልነበራቸውም። ይሄ የአባልነት ጣጣ ነው፣ እውነት ነው። ግን አገሪቷ የደረሳትን ኮታ ለየትኛው መርከብ እንደምትሰጥ የሚወስነው የራሷ መንግሥት ነው፣ እንግሊዝ አገር ከ10 ሜትር በታች የሆኑት ትንንሽ ጀልባዎች በጣም ትንሽ ድርሻ የደረሳቸው በለንደን ውሳኔ ነው። ሌላው የስፔን ባለሀብቶች መርከባቸውን እንግሊዝ አስመዝግበው በእንግሊዝ ኮታ ማጥመዳቸው ነው፣ እንግሊዝ በ1988 በሕግ ልትከለክል ሞክራ በ1991 የአውሮፓ ፍርድ ቤት ከህብረቱ ሕግ ጋር ይጋጫል አላት። እሱ በቀጥታ ከአባልነት የመጣ ነው።

ውጪ ያሉትንም እዩ። ኖርዌይ በ1972ም በ1994ም በሕዝበ ውሳኔ አባልነቱን እምቢ አለች፣ ግሪንላንድ በ1985 ወጣች፣ ሁለቱም ጋ ዓሣ ትልቅ ምክንያት ነበር። ኖርዌይ ኮድና ሀዶክ መጣል የከለከለችው ገና በ1987 ነው፣ ከኮታ በላይ የተያዘው ወደብ ይገባል ግን ገቢው አብዛኛው ይወረሳል፣ የዓሣ ጫጩት የበዛበት የባሕር ክፍልም ወዲያው ይዘጋል። እኔ እዚህ ላይ የማየው ብክነቱን ያመጣው አባልነቱ ብቻ አለመሆኑን ነው፣ ወደብ ላይ ብቻ መቁጠሩ ነው፣ አባልነቱ ያደረገው ያንን ሕግ ለመቀየር 30 ዓመት ማስፈጀቱ ነው።

እንግሊዝ ከወጣች በኋላስ? በ2020 መጨረሻ በተፈረመው ስምምነት ህብረቱ በእንግሊዝ ውኃ ከነበረው ኮታ ሩብ ያህሉ በዋጋ ሲተመን ቀስ በቀስ ወደ እንግሊዝ እንዲዞር ተባለ፣ የአውሮፓ መርከቦች መግባት እስከ ጁን 2026 ተፈቀደ፣ በሜይ 2025 ደግሞ እስከ 2038 ተራዘመ። ግን ኮታ ብቻውን ገንዘብ አይሆንም። የስኮትላንድ ላንጉስቲን፣ ትንሽ ሎብስተር የሚመስለው የባሕር እንስሳ፣ በሕይወቱ እያለ ነው ፈረንሳይና ስፔን የሚሸጠው፣ ጃንዋሪ 2021 ላይ የጤና ሰርተፍኬትና የጉምሩክ ወረቀት ሲጨመርበት ጭነት እየዘገየ ገዢ ጠፋ፣ ዓሣ ነጋዴዎች ጭነት መኪናቸውን ይዘው ለንደን መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ደጅ ሄደው ተቃወሙ።

ስለዚህ "ኮታ ጨመረ" የሚል ዜና ስታዩ የየትኛው ባሕር ክምችት ነው፣ አይሲኢኤስ ስንት ይሁን ብሎ ነበር፣ የሚቆጠረው የተያዘው ነው ወይስ ወደብ የገባው፣ አገር ውስጥ ለማን ደረሰ ብላችሁ ጠይቁ።

ስትገዙ ደግሞ ከኮድና ሳልመን ውጪ ሞክሩ። ገርናርድ የሚባል ትልቅ ጭንቅላት ያለው ቀይ ዓሣ አለ፣ ገዢ ስለማያገኝ ብዙ ሲጣል የኖረ ነው፣ ብዙ ጊዜ ዋጋውም ከኮድ ይቀንሳል። ሥጋው ጠጠር ያለ ስለሆነ ወጥ ውስጥ አይፈራርስም፣ ቁሌቱ በደንብ ከበሰለ በኋላ መጨረሻ ላይ ጨምሩት፣ ጭንቅላቱንም አትጣሉት መረቅ ይወጣዋል። ክንፉ አጠገብ ያለው እሾህ ይወጋል፣ ባለሱቁ እንዲያጸዳላችሁ ንገሩት።