ንግዱ ኩባንያ ሆነ፣ የኪራይ ውሉ ግን በግል ስም ቀረ

ብቻዎን ሲሠሩበት የቆዩትን ንግድ ኩባንያ አድርገው ሲያስመዘግቡ የቤቱ ኪራይ ውል አብሮ አይሻገርም። ድርሻው በሙሉ የእርስዎ ቢሆንም ኩባንያው በሕግ ፊት ሌላ ሰው ነው። ከታች ያሉት ችግሮች አብዛኞቹ ከዚሁ ይመነጫሉ።

ችግር፦ የሒሳብ ባለሙያው ኪራዩን በኩባንያው ወጪ አልመዘግብም አለ

ውሉም ደረሰኙም በግል ስምዎ ስለሆነ ነው። ውሉ ይዛወር፤ ደረሰኙም ከዚያ ቀን ጀምሮ በኩባንያው ስም ይቆረጥ። አከራዩ ሳያውቅ ኩባንያውን ቤቱ ውስጥ ማስገባት ግን አደጋ አለው። ብዙ ውሎች ቤቱን ያለ ፈቃድ ለሦስተኛ ወገን ማስተላለፍን ይከለክላሉ፤ የራስዎ ኩባንያም ሦስተኛ ወገን ሊባል ይችላል።

ችግር፦ አከራዩ ኩባንያውን አልቀበልም አለ

አይፍረዱበት። ያመነው እርስዎን ነው፤ ኩባንያው ገና ትናንት የተወለደ፣ ኃላፊነቱም የተወሰነ ነው፤ ለዕዳው የሚጠየቀው በራሱ ንብረት እንጂ በእርስዎ የግል ንብረት አይደለም። ኪራይ ቢቋረጥ ማንን ይጠይቃል? ስለዚህ የምዝገባውን ምስክር ወረቀትና እስካሁን በወቅቱ የከፈሉባቸውን ደረሰኞች ይዘው ይቅረቡ። የግል ዋስትና፣ ማለትም ኩባንያው ካልከፈለ እኔ እከፍላለሁ የሚል ቃል፣ ከጠየቀ በደፈናው አይፈርሙ። ጣሪያና ማብቂያ ይኑረው፤ ለምሳሌ ከ3 ወር ኪራይ የማይበልጥ፣ ከ12 ወር በኋላ የሚቀር ተብሎ ይጻፍ።

ችግር፦ ውሉ ከተዛወረ በኋላም ውዝፍ ኪራይ ከእኔ ተጠየቀ

ሰውን በብርቱ የሚጎዳው ይሄ ነው። ማዛወሪያው ኩባንያውን አስገባ እንጂ እርስዎን አላስወጣም። አከራዩ «ተስማምቻለሁ» ብሎ መፈረሙ ብቻ አይበቃም፤ ቀዳሚውን ተከራይ ማሰናበቱ በግልጽ መጻፍ አለበት። እንዲህ ያለ አንቀጽ ይግባ፦ «ውሉ ከተዛወረበት ቀን በኋላ ለሚመጣ ማናቸውም ግዴታ ቀዳሚው ተከራይ በግሉ አይጠየቅም።» ሰነዱን አከራዩ፣ እርስዎና ኩባንያው ይፈርሙበታል። እርስዎ ሁለት ጊዜ ይፈርማሉ ማለት ነው፤ አንዴ በግልዎ፣ አንዴ ስለ ኩባንያው። በሁለተኛው ፊርማ ሥር የኩባንያው ሙሉ ስም፣ ቀጥሎም «ሥራ አስኪያጅ» ተብሎ ካልተጻፈ፣ ኋላ በግልዎ እንደፈረሙ ሊቆጠር ይችላል።

ችግር፦ ኩባንያው ሳይመዘገብ በስሙ ውል ፈርሜያለሁ

ያልተወለደ ሰው ውል አይገባም፤ በብዙ አገር እንዲህ ባለው ውል የሚጠየቀው ፈራሚው ራሱ ነው። ምዝገባው እንዳለቀ ኩባንያው ውሉን መቀበሉን በቃለ ጉባኤ ያስፍር፣ አከራዩም በጽሑፍ ያረጋግጥ፤ የሚቻል ከሆነ አዲስ ውል ይፈረም። ቀኑን ወደኋላ መጻፍ ግን ፈጽሞ አይሞከር።

ችግር፦ ማስያዣውና ኢንሹራንሱ በቀድሞው ስም ቀሩ

የማስያዣው ገንዘብ ወደፊት ለማን እንደሚመለስ በማዛወሪያው ላይ ይገለጽ። ኢንሹራንሱን ውሉ በተዛወረበት ዕለት ያስቀይሩ። እሳት ቢነሣ፣ በእርስዎ ስም ያለው መድን የኩባንያውን ዕቃ ላይሸፍን ይችላል።