እማዬን ከጡት ቀዶ ሕክምና በኋላ ስናስታምም

መጀመሪያ ሥራ ተከፋፈሉ። ሁሉም ሁሉን ልሥራ ካለ ቤቱ ይታመሳል።

ከቀዶ ሕክምናው ቁስል ፈሳሽ የሚያወጣውን ቱቦ የሚከታተል አንድ ሰው ይኑር። እማዬ ጋ እሱ የእኔ ሥራ ነበር። እጄን በሳሙና ታጥቤ የተጠራቀመውን እቀዳለሁ፣ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሆነ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ሐኪሙ ቱቦውን ለማውጣት ሲወስን ይህንን ያያል። ከቀዳችሁ በኋላ ፈሳሹ የሚጠራቀምበትን መያዣ ጨመቅ አድርጋችሁ ክደኑት፤ አለዚያ አይስብም።

ልብሷ ከፊት የሚቆለፍ ይሁን። ከባድ ዕቃ አታስነሷት። ሐኪም ሲፈቅድ ግን ጣቶቿን ግድግዳው ላይ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ታስኪድ፤ ትከሻዋ እንዳይደርቅ። ትኩሳት፣ መቅላት ወይም መግል ካያችሁ «ነገ እንሄዳለን» አትበሉ።

ስታልቅስ «በቃ፣ ተይ» አትበሏት። አጠገቧ ቁጭ በሉ። አባዬንም «አንተስ እንዴት ነህ?» በሉት፤ የሚጠይቀው ሰው የለም። ሌሊቱንም በየተራ አድርጉት።