ጀማሪ መሐንዲሶች በሥራ ቦታ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የተሳሳተ ስሌት ብዙውን ጊዜ አራሚ አያጣም፤ ድሮዊንጉን አለቃ፣ ኮዱን ባልደረባ ያየዋል። ያልተነገረን ነገር ግን ማን ያርመዋል? ጀማሪ መሐንዲስ ላይ የሚመጣው ጣጣ በአብዛኛው ከዚህ ይነሳል።

ተቸግሮ ዝም ማለት
«አያውቅም እንዳይሉኝ» ብሎ ሁለት ቀን ከአንድ ችግር ጋር መታገል የተለመደ ነው። ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ሞክረው ፍንጭ ካላገኙ ይጠይቁ። አጠያየቁም ለውጥ ያመጣል። «ፓምፑ አልሠራም» የሚል ጥያቄ ሌላ ጥያቄ ይወልዳል። «ፓምፑ ሲነሳ ብሬከሩ ይወርዳል፤ ሦስቱንም የኤሌክትሪክ መስመሮች (ፌዞች) ለካሁ፣ ደህና ናቸው፤ ኃይል አቋርጬ ዘንጉን በእጅ ሳዞረው ከበደኝ፤ ኩሽኔታውን ልፍታው?» ካሉ ግን መልሱ አንድ ቃል ነው።

«ሊያልቅ ነው» ብሎ ሪፖርት ማድረግ
«90 በመቶ» የተባለ ሥራ ለሳምንታት እዚያው ይቆማል፤ ፍተሻና እርማት ሳይቆጠሩ ቀርተዋልና። «ከስድስቱ የመሠረት ስሌቶች አራቱ ተፈትሸዋል፤ ሁለቱ የአፈር ምርመራ ውጤት ይጠብቃሉ» ይበሉ። ለሐሙስ የተቀጠረ ሥራ እንደሚዘገይ ሰኞ ከተነገረ መላ ይፈለግለታል።

የቃል ስምምነትን አለመጻፍ
ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ ካንሳስ ሲቲ፣ በሃያት ሪጀንሲ ሆቴል ውስጥ የተንጠለጠሉ መተላለፊያዎች ተደርምሰው 114 ሰዎች ሞቱ። በመጀመሪያው ዲዛይን የላይኛውንና የታችኛውን መተላለፊያ የሚይዙት ወጥ የብረት ዘንጎች ነበሩ፤ ለሥራ እንዲመች እያንዳንዱ ዘንግ ለሁለት ተከፈለ። ያን ጊዜ የታችኛው መተላለፊያ በላይኛው ላይ ተንጠለጠለ፤ በላይኛው መገጣጠሚያ ላይ ያረፈው ጭነትም እጥፍ ሆነ። ብረት አምራቹ በስልክ አስፈቅጃለሁ ሲል፣ የዲዛይን ድርጅቱ አልተጠየቅኩም አለ። የተቀየረው ድሮዊንግ ግን የዲዛይን ድርጅቱ መሐንዲስ ማኅተም ነበረበት።

ስለዚህ ሳይት ላይ «ይሁን፣ ቀይረው» ሲባሉ በዚያው ቀን አጭር ኢሜይል ይላኩ፦ ምን ተቀየረ፣ ማን አዘዘ፣ የድሮዊንጉ ቁጥርና ሪቪዥን (ስንተኛ እርማት እንደሆነ) ስንት ነው፣ ስሌቱን ማን ይከልሳል። ቅር የሚለው አለቃ ካለም ቅሬታው ቀላል ዋጋ ነው።

ፎርማኑን እንደ ታዛዥ ብቻ ማየት
ፌሮው ተጠጋግቶ ቫይብሬተር (ኮንክሪቱን እየነቀነቀ የሚያጠቀጥቀው መሣሪያ) እንደማይገባ፣ ኮንክሪቱም ከታች ባዶ እንደሚተው ቀድሞ የሚያየው ፎርማኑ ነው። ድሮዊንጉ ከመውጣቱ በፊት «ይህን እንዴት ትሠሩታላችሁ?» ብለው ይጠይቁት። ስህተት ካዩበት ለብቻው ያናግሩት፤ ለሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ ግን ሥራውን ወዲያው ያስቁሙ፣ ይሉኝታ እዚህ ቦታ የለውም።

አስተያየትን እንደ ዘለፋ መቁጠር
ገምጋሚ በሥራዎ ላይ ለሚሰጠው ለእያንዳንዱ አስተያየት በጽሑፍ ይመልሱ፦ ተስተካክሏል፣ አልተቀበልኩትም ከነምክንያቱ፣ ወይም ማብራሪያ እፈልጋለሁ። ላለመጋጨት ሲሉ ሁሉን «እሺ» ማለትም ያው ስህተት ነው፤ ገምጋሚውም ይሳሳታል፣ ስሌትዎን ይዘው ይከራከሩት።