ሐኪሙን ጅል አታድርጉት፦ የመሰሪ ታካሚ ታሪክ ለሚጽፉ

የሥነ አእምሮ ሐኪምና መሰሪ ታካሚ የሚፋጠጡበት ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ ለመጀመር ቀላል ነው፤ ሁለት ሰው፣ አንድ ክፍል፣ የተዘጋ በር። የሚከብደው ታካሚው ሐኪሙን ሲበልጠው አንባቢው እንዲያምን ማድረግ ነው። ብዙ ረቂቅ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ሐኪሙን ጅል ማድረግ ነው። ታካሚው በዓይኑ ያፈዘዋል፤ ሐኪሙም ዓመታት የተማረውን ረስቶ የመድኃኒት ቁምሳጥኑን ቁልፍ ያስረክባል። እውነተኛ ማታለል ግን የሚገባው በሰውየው ደግነት በኩል ነው። በእንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረው የሥነ አእምሮ ሐኪም ቶም ሜይን እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው ጽሑፍ፣ አንዳንድ ታካሚዎች ነርሶቹን እንዴት እንደከፋፈሏቸው አሳይቷል። ነርሷ ታካሚዋን በትክክል የተረዳቻት እሷ ብቻ እንደሆነች ታምናለች፤ ባልደረቦቿ ጨካኝ ይመስሏታል። ሌላዋም ስለ ራሷ እንዲሁ ታስባለች። አንዳቸውም አልፈዘዙም፤ ሁሉም ሥራቸውን የሚወዱ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ ለታካሚያችሁ አስማት አትስጡት። «ከእርስዎ በፊት ያዩኝ ሐኪሞች ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። ይህን የሰማ ሐኪም ከዚያ ወዲያ ያን ሰው ማስቀየም ይፈራል።

ድንበሩን በአንድ ሌሊት ማስጣስም አይሆንም። መጀመሪያ ቀጠሮው ወደ ቀኑ መጨረሻ ይዛወራል፣ ምክንያቱም ከታካሚው ሥራ ጋር አይገጥምም። ቀጥሎ አሥር ደቂቃ ይጨመራል። የታካሚው እናት ማር ይዘው ይመጣሉ፤ አልቀበልም ማለት ነውር ይመስላል። ስልክ ቁጥር «ለአደጋ ጊዜ» ይሰጣል። አንድ ቀን ሐኪሙ ከተነገረው ውስጥ አንዲቱን ነገር ካርዱ ላይ ሳይጽፍ ይቀራል። እኔ ብሆን ታሪኩን የማዞረው እዚህ ላይ ነው፤ ከባልደረቦቹ የደበቀው የመጀመሪያው ነገር እሱ ነውና። ታካሚው ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» የተሻገረበትን ቀን ደግሞ ሳታብራሩ እለፉት፤ አንባቢው አያመልጠውም።

ታሪኩ አዲስ አበባ ውስጥ ከሆነ የቆዳ ሶፋውንና ጸጥ ያለውን ቢሮ ተዉት። አማኑኤል ሆስፒታል ተመላላሽ ክፍል በር ላይ ወረፋ አለ፤ ታካሚው ከአስታማሚ ጋር ይገባል። ሁለቱ ለሳምንታት ብቻቸውን የሚቀመጡበት ምክንያት ያስፈልጋችኋል፤ ሕጉም ይሰጣችኋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ፣ ፍርድ ቤት የተከሳሹን የአእምሮ ሁኔታ ሲጠራጠር የባለሙያ ምርመራ እንዲያዝ ይፈቅዳል። አሁን ታካሚው የሚያተርፈው ነገር አለው፣ የሐኪሙም ፊርማ ክብደት አገኘ። እናትየውንም ከክፍሉ አታስወጧቸው፤ ልጃቸው ሲዋሽ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፣ ዝም የሚሉትም እሳቸው። ጸበሉን ደግሞ የሳይንስ ጠላት አድርጎ መሳል ሰነፍ መንገድ ነው። ብዙ ቤተሰብ ሁለቱንም ይይዛል። ጎበዝ መሰሪ ካህኑ ዘንድ ሐኪሙን፣ ሐኪሙ ዘንድ ካህኑን እያማ ሁለቱን ያለያያል።

በሽታን ከበሽታ ማደባለቅ ሌላው ስህተት ነው። ስኪዞፍሬኒያ፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚያሰማና ሐሳብን የሚያዛባ ከባድ የአእምሮ ሕመም፣ አንድ ሰው ውስጥ ሁለት ሰው መኖር አይደለም። «ሳይኮፓት» የሚለውም በአሜሪካው የምርመራ መመሪያ ራሱን የቻለ የበሽታ ስም ሆኖ አልሰፈረም፤ ለእሱ የሚቀራረበው ስም ፀረ ማኅበራዊ የስብዕና መታወክ ነው፣ ማለትም የሌላውን መብት እየደጋገሙ መጣስ። ሐሳቡ የተበታተነበት ሰው ለወራት ረቂቅ ሴራ ሲመራ ካሳያችሁ ነገሩ አይገጥምም። አብዛኛው የአእምሮ ሕመምተኛ በሰው ላይ ጉዳት አያደርስም፤ አንባቢያችሁም እህቱን ይዞ እዚያ ወረፋ ላይ የተቀመጠ ሊሆን ይችላል። ሕመም የሚያስመስል ገጸ ባሕርይ ከፈለጋችሁ ግን ጥሩ መለያ አለ፦ በእውነት ድምፅ የሚሰማው ሰው ብዙ ጊዜ ይደብቀዋል፣ አስመሳዩ ሳይጠየቅ ያወራዋል።

መድኃኒቱንም አታጋንኑ። እውነት የሚያናግር መርፌ የለም። የሳይኮሲስ (ከእውነታ የመራቅ ሕመም) መድኃኒት ሙሉ ውጤቱን ለማሳየት ሳምንታት ይፈልጋል። በኤሌክትሪክ የሚሰጠው ሕክምናም በዘመናዊው አሠራር በማደንዘዣ የሚሰጥ እንጂ የቅጣት ትዕይንት አይደለም።

መጨረሻ ላይ «ለካ ሐኪሙ ራሱ ታካሚ ነበር» የሚለውን ዘወርታ ባትነኩት ይሻላል፤ አንባቢ ከሩቅ ያየዋል። በምትኩ የምስጢር ጥበቃን ተጠቀሙበት። ብዙ ረቂቅ ላይ ሐኪሙ የታካሚውን ጉዳይ እራት ላይ ለሚስቱ ያወራል፤ ያ ጥፋት ነው። ታካሚው ግን ስለ አንዲት ሴት «እገድላታለሁ» ቢልስ? ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ ተማሪ ለሥነ ልቦና ባለሙያው እንዲህ ብሎ ነበር። ባለሙያው ለዩኒቨርሲቲው ፖሊስ አሳወቀ፣ ፖሊስም ይዞ ለቀቀው፤ ልጅቷን ያስጠነቀቀ አልነበረም፣ ተገደለች። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1976 ባለሙያው አደጋ ያንዣበበበትን ሰው የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ወሰነ። የእናንተ መሰሪ ይህን ጭንቀት ቢያውቅና ዛቻውን እውነት ይሁን ውሸት በማይለይ ድምፅ ቢናገር፣ ሐኪሙ ቢናገርም ቢታገሥም ተሸናፊ ነው።