ቀይና ሰማያዊ እስክሪብቶ፦ ሥራ የበዛበት ሰው በደብረ ብርሃን ጓሮውንም ጉዞውንም የሚያስኬድበት መንገድ

«ከሥራ የተረፈችውን ሰዓት ለምትወዱት ነገር አውሉ» የሚል ምክር ሰልችቶኛል። ደብረ ብርሃን ውስጥ በፋብሪካ ሒሳብ ክፍል ለምትሠራ ሴት የምትተርፍ ሰዓት የለችም። የሚተርፍ ወር ግን አለ። ስለዚህ ሰዓት መቆጠቡን ተዉትና አዲሱ ካሌንደር ግድግዳ ላይ ሳይሰቀል ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት፤ ቀይና ሰማያዊ እስክሪብቶም ያዙ።

በቀዩ፣ ሥራ የማይለቃችሁን ጊዜ አስምሩ። የእኔ ቀይ የሚጀምረው ከሰኔ የመጨረሻ ሳምንት ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ በዚያ ሳምንት መጋዘን ውስጥ ጣቃና ክር ሲቆጠር ይመሻል። ሐምሌና ነሐሴ ዓመታዊ ሒሳብ ማዘጋጃ ነው፤ ቀጥሎ ኦዲተር ይመጣል፤ የዓመቱ የትርፍ ግብር ደግሞ እስከ ጥቅምት 30 መታወቅ አለበት። በየወሩ መጨረሻ ያለው የደመወዝ ሰሞንም አንድ አንድ ቀይ መስመር አለው።

በሰማያዊው የአገሩን ጠባይ አስምሩ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። ዋናው ዝናብ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ይዘንባል። ውርጩ ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ጥር ይመላለሳል። በልጉ በየካቲትና በሚያዝያ መካከል ሊመጣም ሊቀርም ይችላል፤ እምነት አይጣልበትም።

ሁለቱን ቀለሞች ጎን ለጎን ስታዩ ነገሩ ይገለጥላችኋል። እኔ ቀና ማለት በማልችልበት ክረምት ጓሮውን ሰማዩ ያጠጣልኛል። ግብሩ ተከፍሎ እጄ ሲፈታ ደግሞ ዝናቡ አብቅቶ፣ ውርጩ ገብቶ፣ መንገዱ ደርቆ ይጠብቀኛል። ስለዚህ በቀዩ ወራት ራሱን የሚችል ተክል፣ በነፃዎቹ ወራት እጅ የሚፈልግ ተክልና ጉዞ ይገባሉ። የእናንተ ቀይ ሌላ ቦታ ሊያርፍ ይችላል። መምህር ክረምቱን ነፃ ነው፤ ተረኛ ነርስ ደግሞ ወር ሳይሆን የተራ ሰሌዳ ነው የምታሰምረው። ብቻ ቀዩን ሳታሰምሩ ዘር አትግዙ።

ጓሮው

ነጭ ሽንኩርት ለሒሳብ ሠራተኛ የተፈጠረ ተክል ነው። መደቡን በግንቦት፣ ሥራ ገና ረገብ ባለበት ጊዜ ቆፍራችሁ በደንብ የበሰበሰ የበግ በጠጥ ቀላቅሉበት። በእኛ አገር የከብቱ እበት ኩበት ሆኖ ምድጃ ስለሚገባ በቀላሉ አይገኝም፤ በግ ግን የሌለበት ሰፈር የለም። አፈራችሁ መረሬ ከሆነ መደቡን አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጉና በዙሪያው የውኃ መውረጃ ቦይ ቅደዱለት። መረሬ ውኃ ይዞ አይለቅም፤ ሽንኩርቱ በነሐሴ ከሥሩ ይበሰብሳል።

ሰኔ ላይ ዝናቡ መሬቱን እንዳራሰ፣ ቆጠራው ሳይጀመር፣ የአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ለተከላው ይበቃል። ራሱን በዚያው ቀን ፈልፍሉት፤ ቀድሞ የተፈለፈለ ይደርቃል። ትልልቆቹን የውጪ ፍልፋዮች ለዘር ምረጡ፤ የመሐሉን ቀጫጭን ለወጥ ተዉት። ሹሉ ጫፍ ወደ ላይ ሆኖ ሁለት ጣት ያህል ይቀበር። በፍልፋይና በፍልፋይ መካከል አንድ መዳፍ፣ በረድፍና በረድፍ መካከል አንድ ስንዝር ከመንፈቅ ይበቃል። ከዚያ በኋላ የሚፈልገው መታረም ብቻ ነው፤ በነሐሴ አንድ ጊዜ፣ በመስከረም አንድ ጊዜ። ኅዳር ሲገባ ቅጠሉ ከታች ጀምሮ ቢጫ ሆኖ ይተኛል፤ ያን ጊዜ ከነቅጠሉ ነቅላችሁ ፀሐይ በማይመታው ጣሪያ ሥር አድርቁት። በሚቀጥለው ዓመት መደቡን ቀይሩ። ራሱን በነጭ ሻጋታ የሚያበሰብሰው በሽታ አንዴ ከገባ መሬት ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፤ ከሰው ጓሮ በተነቀለ ዘርም አብሮ ይመጣል።

ድንችን ለክረምት አልመክርም። ዝናቡ ሲበረታ ቅጠሉን የሚያጠቁረው በሽታ በጥቂት ቀናት መደቡን ያዳርሳል፤ ርጭቱም ልክ ኦዲተሩ ጠረጴዛዬ ላይ ፋይል በዘረገፈበት ሰሞን ያስፈልጋል። ያለ ድንች አይሆንልኝም የምትሉ ጉደኔ ወይም በለጠ የተባሉትን ዝርያዎች ፈልጉ፤ ከሌሎቹ የተሻለ ይቋቋማሉ። ቲማቲሙን ቆላ ላሉት ለሸዋ ሮቢት ሰዎች ተዉላቸው። ውርጭ ባለበት አገር ቲማቲም መትከል ራስን መቅጣት ነው።

ጎመንና ቆስጣ ግን ይቅር ባዮች ናቸው። ሳምንት ብትረሷቸው አይቀየሙም፤ ቅጠሉ ከታች እየተቆረጠ ወራት ይበላል። ችግኙን በመስከረም ከጓሮ አምራች ግዙና ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐዩ ሲበርድ ትከሉት። ለገና ጾም ይደርስላችኋል።

አሁን ስለ ውርጭ ልንገራችሁ፤ እዚህ አገር ጓሮ የሚለይለት በእሱ ነው። ውርጭ ሳይነግር አይመጣም። ቀኑን ሙሉ ደመና ሳይኖር ውሎ፣ አመሻሹ ላይ ነፋሱ ጸጥ ካለና ከዋክብቱ ጥርት ብለው ከወጡ፣ ሌሊቱ ይመታል። ደመና ወይም ነፋስ ካለ በብርዱ ተንቀጥቀጡ እንጂ ለተክሉ አትስጉ። ከሥራ ስወጣ መጀመሪያ የማየው ሰማዩን ነው። ጥርት ካለ መደቡ ዙሪያ የቆሙት ችካሎች ላይ ባዶ ጆንያ እዘረጋለሁ። ጆንያው ቅጠሉን መንካት የለበትም፤ የነካው ቅጠል በነካው ቦታ ላይ ይቃጠላል። አፈሩ ደርቆ ከሆነ እኩለ ቀን ላይ ውኃ ይጠጣ፤ እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድራል። እኩለ ቀን ላይ ቢሮ የሚውል ሰው ደግሞ በምሳ ሰዓቱ ይመጣል፣ ወይም ሰው ይልካል። ጠዋት በረዶው ቀልጦ ቅጠሉ እስኪላቀቅ ጆንያውን አታንሱ። ጎመን ውርጭ ቢመታው ያገግማል፤ ሰላጣም ከተሸፈነ ይተርፋል፤ የድንች ቅጠል ግን በአንድ ሌሊት ጠቁሮ ያድራል።

አፕል መትከል የምትፈልጉ ሁለት እግር፣ ያውም የተለያየ ዝርያ ግዙ። በእኛ አገር የተለመዱት አና እና ዶርሴት ጎልደን ናቸው፤ አንዱ ለሌላው የአበባ ዱቄት ካልሰጠው አበባው በከንቱ ይረግፋል። ሻጩ «አንዷ ትበቃለች» ካላችሁ ሌላ ሻጭ ፈልጉ። በበጋ ከግንዱ አጠገብ ባዶ የውኃ ፕላስቲክ፣ ያ ሁላችን ሃይላንድ የምንለውን፣ ክዳኑን በመርፌ በስታችሁ አፉን ወደ ታች ቅበሩት፤ ቂጡን ቆርጣችሁ በዚያ ሙሉት። ውኃው ቀስ እያለ ወደ ሥሩ ይወርዳል። ከላይ የገብስ ገለባ ካለበሳችሁበት ቧንቧ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈርም ቢሆን ያዘልቃል።

ጎረቤት ከሌለ ጓሮና ጉዞ አብረው አይሄዱም። እኔ ከመሄዴ በፊት አጥር የምንጋራቸውን እናት እጠይቃለሁ።

«እማማ፣ ሰኞ እስክመለስ ጎመኑን ይዩልኝ?»

«የደረሰ ቅጠል ባገኝስ፣ ልጄ?»

«ይቁረጡት እንጂ! ለዚያ ነው የማስቸግርዎት።»

ከጎመኑ የሚቀምስ ሰው ውኃውን አይረሳም። ገንዘብ ከፍላችሁ ከምታስጠብቁት ይህ ይሻላል።

ለቀዩ ወራት የሚሆን እጅ ሥራ

በሐምሌ ጓሮ መውጣት አይታሰብም፤ ጭቃ ነው። የትርፍ ጊዜ ሥራችሁ በዚያ ወር እንዳይሞት ኪስ ውስጥ የምትገባ አንዲት ነገር ይኑራችሁ። የእኔዋ ዳንቴል ናት። ኪሮሽና አንድ ድውር ክር በቦርሳዬ አይታጡም፤ ሰርቪስ እስኪመጣ፣ ባንክ ተራ እስኪደርስ እሠራለሁ። ትልቅ የአልጋ ልብስ አትጀምሩ፤ ሳያልቅ ዓመት ያልፍና ያስጠላችኋል። በየክቡ የሚሠራና በኋላ የሚገጣጠም ንድፍ ምረጡ፤ አንዱ ክብ በአንድ ወረፋ ያልቃል። ወንዶቹ የቢሮ ጓደኞቼ መጀመሪያ ሳቁ፤ አሁን ለእናቶቻቸው ያዝዙኛል፤ አልሸጥም። የሚሸጥ ከሆነ እሱም ሥራ ነው።

ጉዞው

የሰሜን ሸዋ ሰው አየር ለመለወጥ አውሮፕላን አያስፈልገውም። ከደብረ ብርሃን ወደ ሰሜን ምሥራቅ በአውቶቡስ ውጡ፤ ጣርማ በር ላይ ጣሊያን የፈለፈለውን ዋሻ አልፋችሁ ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ ጋቢው ይወልቃል፤ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ሹራቡም ይወልቃል። ደጋውንና ቆላውን የሚለየው የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይሆንም። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ማሾና ማንጎ ግዙ። ለዚህ ጉዞ ቅዳሜ ከሰዓት ወጥቶ እሑድ መመለስ ይበቃል።

አንድ እሑድ ብቻ ያለው አንኮበር ይሂድ፤ ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት መናኸሪያ ድረሱ። ከመሳፈራችሁ በፊት ሾፌሩን ስለ መመለሻው ጠይቁት፤ የመጨረሻው መኪና ስንት ሰዓት እንደሚነሣ ሳታውቁ ተራራ አትውጡ። የነገሥታቱ ግቢ የነበረው ጉብታ ላይ ስትቆሙ ምድሩ ከእግራችሁ ሥር ተገምሶ ወደ አፋር ሜዳ ይወርዳል። ክረምት ላይ ይህን ጉም ይሸፍነዋል፤ ከኅዳር ወዲህ ሂዱ። ታላቅ ክብረ በዓል ባለበት ቀን ግን፣ ለመሳለም ካልሆነ በቀር፣ መኪና ስለማይገኝ ቅሩ።

ረዘም ላለው ጉዞ መንዝ ጓሳን አስቀድማለሁ። ማኅበረሰቡ ራሱ ለዘመናት ሲጠብቀው የኖረ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን ውርጫማ ሜዳ ነው፤ ከፍታው ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ጓሳ ሣሩ እንዳሻው አይታጨድም፤ ለዓመታት ተጠብቆ፣ ሲፈቀድ ለቤት ክዳንና ለገመድ ይወሰዳል። ጭላዳዎቹ ጠዋት ከገደሉ እየወጡ ሣር ሲነጩ ታገኟቸዋላችሁ። ቀይ ቀበሮ ለማየት ግን ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ አይጥ ስታድን በሩቁ ትታያለች፤ ድምፅ የሚያበዛ ሰው አብሯችሁ ካለ አታዩዋትም። ማደሪያውን የሚያስተዳድረው ማኅበረሰቡ ስለሆነ አስቀድማችሁ ደውሉ፤ አስጎብኚም ያዙ። ከወፍራም ብርድ ልብስ በተጨማሪ ኮፍያና የእጅ ሹራብ ይኑራችሁ፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት እዚያ የደብረ ብርሃንን ያስመኛል።

የትም ስትሄዱ በዋዜማው መናኸሪያ ወርዳችሁ የመንገዱን ሰላም ከሾፌሮች ጠይቁ። ባለፉት ዓመታት መንገድ የሚዘጋባቸው ጊዜያት ነበሩ፤ ትናንት የተመለሰ ሾፌር ከማንም የተሻለ ያውቃል። ካመነታ ጉዞውን ለሌላ ሳምንት አሳድሩት፤ ጓሮ ውስጥ የሚሠራ አይጠፋም።

ፈቃዱን አስቀድሞ መያዝ

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀናት ፈቃድ ያስገኛል፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ሠራተኛው ሲጠይቅና አሠሪው ሲስማማ ፈቃዱ ለሁለት ሊከፈል ይችላል። እኔ አንዱን ክፍል ግብሩ ከታወቀና ነጭ ሽንኩርቱ ከተነቀለ በኋላ ኅዳር ላይ፣ ሌላውን ከፋሲካ በኋላ ግንቦት ሳይገባ እወስዳለሁ። ማመልከቻውን በመስከረም በጽሑፍ አስገቡና ቅጂው ላይ «ደርሷል» አስብላችሁ አስፈርሙ። በቃል የተጠየቀ ፈቃድ በቃል ይሰረዛል።

ቀድሞ እሠራበት በነበረ አንድ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ላይ ያለ ሰው እንኳ ቀኑን ሙሉ በስልክ ይጠራ ነበር፤ አብዛኛውም «ፋይሉ የት ነው?» ነበር። መድኃኒቱ አንድ ገጽ ወረቀት ነው። የትኛው ሰነድ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ፣ የትኛው ክፍያ በየትኛው ቀን እንደሚደርስ፣ ማን እንደሚፈርም ጻፉበትና ለሚተካችሁ ሰው በእጁ ስጡት፤ ለአለቃችሁም አንድ ቅጂ። ስልክ የምታነሡበትን አንድ ሰዓት ጻፉ፤ እኔ ከምሽቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ብያለሁ፤ ከዚያ ውጪ ስልኩ ይዘጋል። ሰኞ ጠዋት የሚወጣ ቼክ ካለ ደግሞ ዓርብ ሳትወጡ አስፈርሙት።