ሌላ ሰው ሊያጣራቸው የሚችል የዲኤስኤ ፕራይሞች አወጣጥ

አዲስ ሲስተም እየሠራችሁ ከሆነ ዲኤስኤን (የዲጂታል ፊርማ ዘዴ ነው) ተዉት። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ፊፕስ 186-5 በተባለው የዲጂታል ፊርማ ደረጃ በዲኤስኤ አዲስ ፊርማ መፈረም ቀርቷል፤ የተፈቀደው ቀድሞ የተፈረመውን ማረጋገጥ ብቻ ነው። ለአዲስ ሥራ ኢዲ25519 የተባለው የፊርማ ዘዴ ይሻላል። የቆየ ኮድ ለምትጠብቁ ወይም ለምትመረምሩ ግን የቀደመው ደረጃ የፊፕስ 186-4 አሠራር እንዲህ ነው። የሚፈለጉት ፒ እና ኪው የተባሉ ሁለት ፕራይሞች (ለ1 እና ለራሳቸው ብቻ ያለ ቀሪ የሚካፈሉ ቁጥሮች) እና ከእነሱ የሚወጣ ጂ የተባለ ቁጥር ናቸው፤ ሃሹ (ዳታን ወደ ቋሚ ርዝመት ቁጥር የሚቀይረው ስሌት) ሻ-256፣ ፒ 2048 ቢት፣ ኪው 256 ቢት ይሁን።

ከኪው ጀምሩ። ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙ የደህንነት ራንደም ምንጭ የ32 ባይት ሲድ (መነሻ ቁጥር) ውሰዱና ሃሽ አድርጉት። ውጤቱን ለ2²⁵⁵ አካፍላችሁ ቀሪው ላይ 2²⁵⁵ ደምሩ፤ ተጋማሽ ከሆነ 1 ጨምሩ። ፕራይም ካልሆነ ሲዱን ጣሉትና በአዲስ ሲድ ጀምሩ። ሁለት ሁለት እየጨመሩ ወደሚቀጥለው ፕራይም መሄድ ቁጥሩን ከሲዱ ስለሚነጥለው አይቻልም። በዚህ መጠን ካሉ ኢ-ተጋማሽ ቁጥሮች ከ90 ገደማ አንዱ ፕራይም ስለሆነ ብዙ አትጠብቁም።

ፒ ላይ ነው ብዙ ኮድ የሚሳሳተው። ካውንተር (የሙከራ ቆጣሪ) ከ0፣ ኦፍሴት (ሲዱ ላይ የሚደመረው) ከ1 ይነሳሉ። ሲድ + ኦፍሴት + 0 ብላችሁ እስከ + 7 ያሉትን ስምንት ድምሮች ሃሽ አድርጉ። እያንዳንዱ ድምር 2²⁵⁶ ከደረሰ ወይም ካለፈ ለ2²⁵⁶ ሲካፈል የሚቀረው ብቻ ይያዛል፤ ወደ ባይት ሲመለስም ሁልጊዜ 32 ባይት ይሁን። የፊት ዜሮ ባይቶችን የሚጥል ላይብረሪ አልፎ አልፎ ብቻ የተለየ ሃሽ ስለሚሰጥ ስህተቱ በተራ ሙከራ አይታይም። ስምንቱን ሃሾች የመጀመሪያውን ከታች (በዝቅተኛዎቹ ቢቶች ቦታ) አድርጋችሁ እንደ አንድ ቁጥር ደርድሩ፤ ከመጨረሻው የታችኛዎቹን 255 ቢቶች ብቻ ያዙ። 2²⁰⁴⁷ ደምሩበት፤ ይህ ኤክስ ይባል።

ኤክስ ለ2 × ኪው ሲካፈል ቀሪው ሲ ከሆነ፣ ፒ = ኤክስ − (ሲ − 1) ነው። በዚህ ፒ − 1 ለኪው ያለ ቀሪ ይካፈላል። ፒ ከ2²⁰⁴⁷ ካነሰ ሳትፈትኑት እለፉት። ካነሰ ወይም ፕራይም ካልሆነ ኦፍሴት ላይ 8፣ ካውንተር ላይ 1 ጨምራችሁ ከስምንቱ ድምሮች ጀምሮ ድገሙ። ካውንተሩ 8191ን ካለፈ ከአዲስ ሲድ ተነሱ። ከ710 ገደማ እጩ አንዱ ፕራይም ስለሚሆን ወደዚያ መድረስ እጅግ ብርቅ ነው፤ ከተደጋገመ ኮዱን መርምሩ።

ለፍተሻው መጀመሪያ ለትናንሽ ፕራይሞች አካፍሉ፤ አብዛኛው እጩ እዚያው ይወድቃል። ከዚያ ሚለር-ራቢን የተባለውን የፕራይምነት ፈተና 56 ዙር፣ በየዙሩ በራንደም ቤዝ (ፈተናው የሚሠራበት ቁጥር)። ቤዞቹ አስቀድመው የታወቁ ከሆኑ ፕራይም ሳይሆን ፈተናውን የሚያልፍ ቁጥር ሆን ብሎ መሥራት ይቻላል።

ጂን ለማግኘት 2ን ወደ (ፒ − 1) ÷ ኪው ከፍ አድርጋችሁ ለፒ ሲካፈል ቀሪውን ውሰዱ፤ 1 ከወጣ በ3 ሞክሩ።

ሲዱንና ካውንተሩን ከሦስቱ ቁጥሮች (ፒ፣ ኪውና ጂ) ጋር አስቀምጡ፤ ምስጢር አይደሉም። ፕራይሞቹ ተመርጠው የተቀመጡ አለመሆናቸውን ሌላው ሰው ስሌቱን ደግሞ የሚያረጋግጠው በእነሱ ነው። ያለ ሲድ የመጣላችሁን ግን ቢያንስ የፒንና የኪውን ርዝመትና ፕራይምነት፣ ፒ − 1 ለኪው መካፈሉን፣ ጂ ከ1 በልጦ ከፒ ማነሱን፣ ወደ ኪው ከፍ ብሎ ለፒ ሲካፈልም ቀሪው 1 መሆኑን ሳታዩ አትቀበሉት።