ድሬ ላይ ለህፃናት ስፓኒሽ ስታስተምሩ ከሱቅ ጀምሩ

ድሬዳዋ ለ3ኛ ክፍል ልጆች ስፓኒሽ ሳስተምር መጀመሪያ በግራመር ገባሁና ልጆቹ ቶሎ ሰለቹ፣ እናንተ እንደዛ አታድርጉ። ጠረጴዛ ላይ ሩዝ፣ ስኳር፣ ዘይትና ሎሚ ደርድሩና እያነሳችሁ አሮስ፣ አሱካር፣ አሴይቴ፣ ሊሞን በሉ፣ ወዲያው "ቲቸር ይሄማ የኛ ነው!" ይሏችኋል፣ እውነታቸውን እኮ ነው፣ የኛዎቹም ስሞች ከዐረብኛዎቹ ጋር ይመሳሰላሉ፣ እነዚህ ቃላት ስፓኒሽ ውስጥ የገቡት ደግሞ ከዐረብኛ ነው፣ ሙስሊም መንግሥታት እ.ኤ.አ. ከ711 እስከ 1492 ስፔን ውስጥ ስለነበሩ። ቤቱ ሁለት ሦስት ቋንቋ ለሚሰማ የድሬ ልጅ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ከዛ አንዱ ባለሱቅ ሌላው ገዢ ይሁን፣ ልክ እንደ ከፊራ ገበያ፣ "ኳንቶ ኩዌስታ?" ማለት ስንት ነው? ቁጥርም በዚሁ ይገባላቸዋል፣ ኡኖ፣ ዶስ፣ ትሬስ።

አናቷ ላይ ምልክት ያላትን ኤን (ñ) አትፍሯት፣ የኛው "ኘ" ናት። "ማኛና" ብላችሁ ሰሌዳ ላይ በፊደል ጻፉላቸው፣ ነገ ማለት ነው፣ ጠዋትም ይሆናል። ግን ሁሉን ነገር በፊደል አትጻፉ፣ በኋላ ማንበብ ያቅታቸዋል።

ካርታ ካላችሁ ኢኳቶሪያል ጊኒን አሳዩዋቸው፣ አፍሪካ ውስጥም ስፓኒሽ የመንግሥት ቋንቋ የሆነበት አገር አለ ሲባሉ ዓይናቸው ይበራል።

ለባህል ደግሞ የስፔንን የአዲስ ዓመት ዋዜማ እወዳለሁ፣ ዲሴምበር 31 እኩለ ሌሊት ደወሉ 12 ጊዜ ሲመታ በያንዳንዱ አንድ አንድ የወይን ፍሬ ይበላሉ። ለትንንሾቹ ሙሉ ወይን ትን ስለሚል ቆርጣችሁ ስጧቸው፣ እናንተ ጠረጴዛ እየመታችሁ እነሱ በስፓኒሽ እስከ ዶሴ (12) ይቁጠሩ።